ጨረራ የጨርቅ ማቅለሚያን ይሰብራል፤ ጨውን ግን አይነካም

አርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃውን ከበታቹ ወዳለው ሎጎ ሐይቅ ይለቃል። ሎጎ ሐይቅ ደግሞ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። በመሆኑም በአርዲቦ ዳር የሚደፋ የማይበሰብስ ነገር ወርዶ ወርዶ በሎጎ ይጠራቀማል። በአካባቢው ክር ነክሮ ለመሸጥ የሚያስብ የሸማኔዎች ማኅበር ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

የኮምቦልቻ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በዚያ የፋብሪካዎች ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከናን ይቀላቀልና ወደ ጨፋ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። በከተማይቱ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተቋቋሙ ሲሆን በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። በሁለቱ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምንና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶች መገኘታቸውን ገልጸዋል። በወንዙ ዳር የሚያለማው ገበሬ ግን የሚፈራው በዓይኑ የሚያየውን የውኃውን ቀለም ነው።

ቀለሙን የማጥፋቱ ዘዴ በሌሎች አገሮች ተሞክሯል። በደቡብ ኮሪያ ዴጉ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 በቀን 1,000 ሜትር ኩብ የማቅለሚያ ፍሳሽ የሚያክም የሙከራ ጣቢያ ተሠራ፤ ኋላም 10,000 ሜትር ኩብ የሚያክም ተተከለ። በቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ እንዲያክም የታቀደ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የተወነጨፉ ኤሌክትሮኖች ውኃውን ሲመቱት የውኃው ቅንጣት ራሱ ይሰበርና ዕድሜያቸው እጅግ አጭር፣ ኃይላቸው ግን ብርቱ የሆኑ ስባሪዎች ይፈጠራሉ። እነዚህም ለብዙዎቹ ማቅለሚያዎች መልካቸውን የሚሰጠውን የናይትሮጅን ጥንድ ማያያዣ ይበጥሱታል። ኤሌክትሮኖቹ ውኃ ውስጥ የሚዘልቁት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ፍሳሹ በስሱ ተዘርግቶ ማለፍ አለበት። ከማቅለሚያው የሚቀረው ቁርጥራጭ ራሱ መርዛማ ሊሆን ስለሚችል ቀጥሎ በጥቃቅን ነፍሳት መታከም ይኖርበታል።

«ጨረራ» ሲባል ሕዝቡ ሊሠጋ ይችላል። የልማት ሠራተኞች የቃሊቲውን ምሳሌ ሊያነሡ ይችላሉ። በዚያ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ወንዱ በጨረራ እንዲመክን ተደርጎ ተለቋል፤ ዝንቡ ግን ጨረራ አመንጪ አልሆነም። በዚህ መጠን የታከመ ውኃም እንዲሁ ጨረራ አያመነጭም።

ለገበሬው የሚያሠጋው ሌላ ነው። ጥጥ ሲነከር ቀለሙ እንዲይዝ ብዙ ጨው ይጨመራል፤ ጨረራም ጨውን አይሰብርም፣ ክሮሚየምንም አያስወግድም። መልኩ የጠራ ውኃ መሬትን ሊያጨው ይችላል። በእኛ አስተያየት ከቀለመኛው ይልቅ የሚያታልለው ይህ ነው፤ ቀለመኛውንማ ሁሉም ይሸሸዋል። ስለሆነም ታክሟል የተባለ ውኃ ለመስኖ ሲቀርብ ማኅበሩ የጨውና የከባድ ብረት ምርመራ ውጤት ይጠይቅ። እስከዚያው 50 የሰላጣ ዘር በፍሳሹ፣ 50 ደግሞ በምንጭ ውኃ አርሶ የበቀለውን መቁጠርና የሥሩን ርዝመት ማወዳደር ይጠቅማል። ሥሩ ካጠረ ውኃው ይቅር። ካላጠረም ምርመራው አይቀርም፤ ብረት በአፈር ውስጥ የሚከማቸው በዓመታት ነውና።

ማሽኑ ውድ ነው፣ የማይቆራረጥ መብራትም ይፈልጋል። ለአንድ የሸማኔ ማኅበር የሚሆን አይደለም። በአርዲቦ ዳር ክር የሚነክር ማኅበር በተረፈው ቀለም ፈዘዝ ያለ ክር ደግሞ ይንከርበት፤ የመጨረሻውን ዝቃጭ ከወንዝና ከጉድጓድ ርቆ፣ ታቹ ውኃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ በተነጠፈ ጥልቀት በሌለው ገንዳ በፀሐይ ያድርቀው። ደረቁን ጠራርጎ በጆንያ ያስቀምጥ፤ በማሳ ላይ አይበትነው።