ባለ ሁለት ገላ ጀልባና የመርከበኛው ልማድ

ካታማራን የሚባለው የሸራ ጀልባ ጐን ለጐን የተጣመሩ ሁለት ገላዎች ያሉት ነው። ስሙ የተወሰደው ከታሚል ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። በ1876 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ናታናኤል ሄረሾፍ የተባለው አሜሪካዊ የጀልባ ሠሪ «አማሪሊስ» በተባለችው ካታማራን በኒው ዮርክ ውድድር ባለ አንድ ገላዎቹን ስለ ቀደመ፣ ይህ ዓይነት ጀልባ ከእነርሱ ጋራ እንዳይወዳደር ተከልክሎ ነበር። ዛሬ ግን በካሪቢያንና በሜዲትራኒያን ባሕር በሚከራዩት ጀልባዎች መካከል ሰፊ ስፍራ ይዟል። ስለዚህ በባለ አንድ ገላ ጀልባ ብዙ ዘመን የሠራ መርከበኛ ሙያውን ከዚህ ጀልባ ጠባይ ጋራ ማስማማት ያስፈልገዋል።

ባለ አንድ ገላ ጀልባ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሥሩ በተሠራለት የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ነው። ነፋስ ሲበረታ ያዘነብላል፤ ማዘንበሉም ሸራ እንዲቀነስ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ካታማራን ግን የሚቆመው በወርዱ ስፋት ነውና የሚያዘነብለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ኀይሉም ሁሉ በምሰሶውና በገመዱ ላይ ይከማቻል። ወሰኑን ካለፈ ተገልብጦ ይቀራል እንጂ በራሱ አይቃናም። እንግዲህ መርከበኛው ሸራ የሚቀንሰው በሰውነቱ ስሜት ሳይሆን በነፋስ መለኪያውና ሠሪው በሰጠው ሠንጠረዥ መሠረት ነው። ነፋሱ ከ15 ወደ 30 ኖት ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ነፋስ ከኋላ ሲመጣ አደጋው ይበልጥ ይሰወራል። በ22 ኖት ነፋስ ፊት 8 ኖት የሚሮጥ ጀልባ የሚሰማው 14 ኖት ብቻ ነው። ድንገተኛ ነፋስ በመጣ ጊዜ በባለ አንድ ገላ እንደ ተለመደው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር፣ ተሰውሮ የነበረውን ኀይል በጐኑ ላይ ያመጣበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከነፋሱ ጋራ መሸሽ ይሻላል።

በወደብ ውስጥ ደግሞ ካታማራን ቀላልና ከውሃ በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ነፋስ ወደ ጐን በፍጥነት ይገፋዋል። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ካታማራን ወርዱ ወደ 7 ሜትር ስለሚጠጋ ማቆሚያውም ሰፊ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሞተሮች ተራርቀው ስለ ተተከሉ፣ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ በማስነሣት ባለበት ስፍራ ሊያዞረው ይችላል።

በመጨረሻም የጭነት ነገር አለ። የካታማራን ስፍራ ሰፊ መሆኑ ብዙ ዕቃ ለመጫን ይጋብዛል፤ ነገር ግን ክብደት ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሁለቱን ገላዎች የሚያገናኘውም ወለል ወደ ውሃው ቀርቦ በማዕበል ይመታል። ስለዚህ ጀልባ የሚገዛም ሆነ የሚከራይ ነጋዴ የስፍራውን ስፋት ብቻ ሳይሆን የተፈቀደውን ክብደት፣ የመርከበኛውንም የሥራ ዘመን ብቻ ሳይሆን በምን ዓይነት ጀልባ እንደ ሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ።