ኢንዶስኮፒው «ምንም የለም» አለ፤ ታዲያ ሆዴ ምን ሆነ?



እዚህ መራዊ በየቀኑ የምሰማው ቃል «ጨጓራዬ» ነው። በቀደም ከቆጋ መስኖ አካባቢ አንዲት እናት መጡ። ሦስት ጉርሻ ሳይጎርሱ ሆዳቸው ይሞላል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። የጨጓራ ባክቴሪያውን መድኃኒት ሁለት ዙር ወስደዋል፤ እንደጠፋም በሰገራ ምርመራ ታይቷል። ባሕር ዳር ሄደው ኢንዶስኮፒ ታዩ፤ ንጹሕ ነው። «እንግዲህ ዋሽታለች ነው የምትሉኝ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አልዋሹም።

ከአንገት ወርዶ ልብን፣ ሳንባንና ሆድን የሚያዳርስ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ብዙ ሰው አንጎል ሆድን የሚያዝበት መስመር ይመስለዋል። ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ግን የሆድን ወሬ ወደ ላይ የሚያደርሱ ናቸው። ጨጓራ ሲለጠጥ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ከማጅራት ከፍ ብሎ ባለው የአንጎል ግንድ ውስጥ ነው።

ታዲያ ግንዱ የመጣለትን ሁሉ ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ የቱ ይለፍ፣ የቱ ይቀነስ ብሎ ይመዝናል። በፈረንጆቹ 2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የየአካሉ ወሬ እዚያ በየሰፈሩ ያርፋል። ወሬውን የሚገቱትን ሴሎች ሥራ ሲያግዱባቸው ግን ተደበላለቀ፤ ለአንድ አካል ብቻ ይመልስ የነበረ ሴል ለሌላውም መመለስ ጀመረ።

የንቃትና የድንጋጤ ማዕከሉም ያለው እዚያው ግንድ ውስጥ ነው። ጭንቀት ሲበዛ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ሚዛኑ ሊዛባ ይችላል፤ ትናንት ያልተሰማን መለጠጥ ዛሬ ሕመም ሆኖ ይሰማል። (ስንጨነቅ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የምንለው በከንቱ አይመስለኝም።) እኒህ እናት ልጃቸው ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ሦስተኛ ዙር መድኃኒት ሊገዙ ነበር፤ ተዉት አልኳቸው። ልብ በሉ፣ የባክቴሪያው የደም ምርመራ ከዳናችሁ በኋላም ለወራት «አለ» ሊል ይችላል፤ እሱን አይታችሁ መድኃኒት አትድገሙ። በትንሽ በትንሹ ብሉ፣ ቅባት ቀንሱ፣ በልታችሁ ወዲያው አትተኙ። የእንቅልፉንና የጭንቀቱን ነገርም ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ።

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወካችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ ወይም ምግብ ጉሮሯችሁ ላይ እየቆመ ካስቸገራችሁ ግን ጭንቀት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ዛሬውኑ ታዩ።