ዘፈኑን ሚሞሪ ወሰደው፤ ለሬዲዮ ምን ቀረ?

ባሕር ዳር ውስጥ ዘፈን ለመስማት ብሎ ሬዲዮ የሚከፍት ወጣት እየቀነሰ መሄዱን ለማስተዋል ባጃጅ መሳፈር ይበቃል። ሹፌሩ ፍላሽ ሰክቶ የወደደውን ያስደምጣል፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ደግሞ ስልኩ ላይ ያስጫነውን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። አንድ ዘፈን 4 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል ብንል፣ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ 2000 ዘፈን ይይዛል። በቴፕ ዘመን የነበረው ወጣትም ምርጫ አልጠፋውም ነበር። ሆኖም የአንድ ካሴት ሁለት ገጽ ብዙውን ጊዜ ከ60 ወይም ከ90 ደቂቃ አያልፍም፤ ያሉት ካሴቶች ሲሰለቹት አዲስ ዘፈን ፍለጋ ወደ ሬዲዮ ይመለስ ነበር። ዛሬ የሚመልሰው ምክንያት የለም።

ከዚህ ተነስቶ ሬዲዮ አበቃለት ማለት ግን ችኮላ ነው። ሚሞሪው የወሰደው ከሬዲዮ ሥራዎች አንዱን፣ ዘፈን ማሰማትን ብቻ ነው። የባሕር ዳር ከተማ ቡድን ሲጫወት ጎል ማን እንዳገባ፣ የጣና ሐይቅን የወረረው የእንቦጭ አረም የትኛው ዳርቻ እንደደረሰ፣ ዛሬ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ አስቀድሞ የተጫነ ፋይል ሊናገር አይችልም። ስለዚህ እንደ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ያለ የአካባቢ ጣቢያ ሰዓቱን በዘፈን ምርጫ ከሞላ፣ በተሸነፈበት ሜዳ እየተጫወተ ነው። አቅሙ ያለው በወሬው፣ በክርክሩና በቀጥታ ስርጭቱ ነው።

ወሬውንም ቢሆን ቴሌግራምና ቲክቶክ ወስደውታል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ወጣቱ እጅ የቀረው የተጫነው ዘፈንና የሬዲዮው ሞገድ ነበር። ኤፍ ኤም ካርድ አያስሞላም፣ ዳታ አይበላም። ሞገዱ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑም በተራራ ይጋረዳል እንጂ፣ እንደ ጣና ባለ ገላጣ ውሃ ላይ ያለ ከልካይ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ይዘልቃል። ጣቢያው የመንግሥት ስለሆነ ወጣቱ አያምነውም የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ በቴክኒክ መልስም አይመለስም። መልሱ ነዋሪው የሚያውቀውን ችግር ሳይሸፋፍኑ መናገር፣ የሚመለከተውን ባለሥልጣን በቀጥታ ስርጭት መጠየቅ ነው። አመኔታ በሌላ መንገድ አይመጣም።

ወጣቱ ከሬዲዮ የራቀበት፣ ብዙም የማይነገር አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ሬዲዮ ባላቸው አብዛኞቹ ስልኮች ላይ አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ነው፤ ካልተሰካ ጣቢያ አይገባም። ብሉቱዝ ማዳመጫ የለመደ ወጣት እንግዲህ ሳያስበው ከሬዲዮ ይለያል። አንዳንድ ዘመናዊ ስልኮችማ ጭራሽ ኤፍ ኤም የላቸውም። የልማዱ ለውጥ የፍላጎት ብቻ ሳይሆን የዕቃውም ነው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ድምፃዊው ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ፈቃድ ዘፈን አባዝቶ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ሱቅ ውስጥ በጥቂት ብር ከሚጫነው ዘፈን ለባለቤቱ የሚደርሰው ነገር የለም። ጣቢያዎች ዘፋኙን ራሱን ጋብዘው ስለ ሥራው ቢያነጋግሩት፣ ሚሞሪ የማይሰጠውን ለአድማጩም ለባለሙያውም ይሰጣሉ። እናንተም ስልክ ስትገዙ ኤፍ ኤም እንዳለው ጠይቁ፤ ባለሽቦ ማዳመጫችሁንም አትጣሉት።