ዘጠናው ቀን ሲያበቃ፤ የሕፃናት ማቆያ ወጪና የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ

የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራ ገበታዋ የምትመለስ እናት ከሁሉ አስቀድሞ መልስ ልታገኝለት የሚገባው ጥያቄ ሕፃኑ ከማን ጋር ይዋል የሚለው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡30 የሚዘልቅ ሲሆን፣ በዚህ ላይ የሰርቪስ አውቶቡስ ለመጠበቅና ለመመላለስ የሚጠፋው ጊዜ ሲታከልበት ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ የሚውልበት ጊዜ ከአሥር ሰዓት የሚበልጥበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። እነዚህን ሰዓታት በኃላፊነት የሚረከብ ሰው ወይም ተቋም ማግኘት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ይህ ወጪ በአብዛኛው በግልጽ አይታይም ነበር። አያት፣ አክስት ወይም የቅርብ ጎረቤት ሕፃኑን ይይዛሉ፤ አለያም ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ያ አሠራር ነፃ ይመስል እንጂ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ብዙውን ጊዜ ትምህርቷን ያቋረጠችው ያች ልጅ ነበረች። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የከተማ ነዋሪው ወደ አዳዲስ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሲዛወር ከነባር ጎረቤቱና ከዘመዱ ርቋል፤ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ በቤት ሠራተኝነት ይቀጠሩ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች አቅንተዋል። በመሆኑም የታመነች ሞግዚት ማግኘት አስቸጋሪ ከመሆኑም በላይ የምትጠይቀው ክፍያ ከዓመት ዓመት ጨምሯል።

ሕጉ በዚህ ረገድ አንዳንድ እርምጃዎችን ወስዷል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት የሰጠ ሲሆን፣ የፈቃዱ ርዝመት በሕግ ሲወሰን የእናቲቱ ጤንነት እንዲሁም የሕፃኑና የቤተሰቡ ደኅንነት ከግምት እንዲገባ ያዛል። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ቀደም ሲል 60 ቀን የነበረውን የድህረ ወሊድ ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል። ይኸው አዋጅ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም ግዴታ ጥሎ ነበር። ለግሉ ዘርፍ ሠራተኞች ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተመሳሳይ የ90 ቀን ድህረ ወሊድ ፈቃድ ደንግጓል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 በ1983 ዓ.ም አጽድቃለች፤ ስምምነቱም የሕፃናት እንክብካቤ አገልግሎት እንዲስፋፋ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲሰጠው ይመክራሉ። ፈቃዱ የሚያበቃው በሦስተኛው ወር ነው። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያሉት ሦስት ወራት ማቆያ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግባቸውና ማቆያ ለማግኘትም ከሁሉ በላይ የሚከብድባቸው ወራት ናቸው። ምክንያቱም የግል ማቆያዎች እንዲህ ላሉ ጨቅላ ሕፃናት የሚጠይቁት ክፍያ እየሮጠ ለሚጫወት ልጅ ከሚጠይቁት ይልቃል።

ለምን ይልቃል? የማቆያ አገልግሎት ዋነኛ ወጪ የተንከባካቢዎች ደመወዝ በመሆኑ ነው። ለአብነት ያህል አንዲት ተንከባካቢ ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛው መነሻ በሆነው 6,000 ብር ተቀጠረች እንበል። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመር በወር 6,660 ብር ይሆናል። በአንድ ጊዜ የምትይዘው አራት ጨቅላዎችን ከሆነ ለእያንዳንዱ ሕፃን 1,665 ብር ይደርሳል፤ ስምንት ከፍ ከፍ ያሉ ልጆችን ከሆነ ግን ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ይህ እንግዲህ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የአልጋና የፍራሽ ወጪ እንዲሁም የባለቤቱ ትርፍ ሳይታሰብ ነው። ዋጋውን ለመቀነስ ሲባል አንዲት ተንከባካቢ አሥር ጨቅላ እንድትይዝ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አሥር ጨቅላ የያዘች ተንከባካቢ ከማጥባትና ከመቀየር አልፋ ሕፃን የምታቅፍበት ጊዜ አይኖራትም። በእንግሊዝ አገር ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አንድ ተንከባካቢ ከሦስት በላይ እንዳይይዝ የተደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ ማቆያ ሲገኝ ወላጅ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባውም ክፍያውን ሳይሆን ይህንኑ ቁጥር ነው።

አሁን ደግሞ ክፍያውን ከደመወዙ ጋር እናነጻጽር። በ2018 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር ምጣኔ መሠረት ከዚህ ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ በእጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ማቆያው በወር 3,000 ብር ያስከፍላል ብለን ብንገምት ከተጣራው ደመወዝ ሲሶ በላይ ይወስዳል። በ6,000 ብር መነሻ የምትሠራ የጽሕፈት ወይም የተላላኪነት ሠራተኛ የተጣራ ደመወዝ ደግሞ 4,880 ብር በመሆኑ ያው 3,000 ብር ከደመወዟ 61 በመቶውን ይበላል። ሁለት ልጆች ካሏት ስሌቱ ራሱ ይቆማል። እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው ወላጁ የማቆያውን ክፍያ የሚከፍለው ግብር ከተቀነሰ በኋላ ከቀረው ገንዘብ መሆኑ ነው፤ የመቀጠር ገቢ ግብር ሲሰላ ለልጅ እንክብካቤ የወጣ ወጪ አይቀነስም።

በዚህ ጊዜ ነው በብዙ ቤቶች ውስጥ «ደመወዝሽ ለማቆያ ከሄደ መሥራትሽ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ንግግር የሚነሳው። ንግግሩ ምክንያታዊ ይምሰል እንጂ ስሌቱ ላይ ሁለት ስህተቶች አሉበት። አንደኛው፣ የማቆያው ወጪ ከእናቲቱ ደመወዝ ላይ ብቻ እንዲቀነስ ማድረጉ ነው፤ ልጁ የሁለቱም ሆኖ ሳለ ወጪውን በእሷ ስም መመዝገብ ተገቢ አይሆንም። ሁለተኛው፣ የዛሬውን ወር ብቻ መቁጠሩ ነው። ሥራዋን የለቀቀች ሠራተኛ ደመወዟን ብቻ ሳይሆን የደረጃ ዕድገቷንና የአገልግሎት ዘመኗንም ታጣለች፤ የጡረታ አበል የሚሰላው ደግሞ በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ነው። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሞልቶት ወጪው ሲቀንስ የለቀቀችው የሥራ መደብ አይጠብቃትም።

መሥሪያ ቤቱስ? ብዙ ኃላፊዎች ማቆያን እንደ በጎ አድራጎት፣ በጀት ሲተርፍ እንደሚታይ ጉዳይ ሲቆጥሩት ይስተዋላል። አሥራ ሁለት ጨቅላዎችን የሚይዝ ማቆያ ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ሦስት ተንከባካቢዎች ያስፈልጉታል፤ ደመወዛቸው ከጡረታ መዋጮው ጋር በወር 19,980 ብር ነው። የአሥራ ሁለቱ እናቶች ደመወዝ በዲግሪ መነሻ ቢሰላ ደግሞ 138,000 ብር ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ብቻ በማቆያ እጦት ሥራ ቢለቁ፣ ወይም በተደጋጋሚ ፈቃድና በመዘግየት ምክንያት የሁለት ሰው ሥራ ቢጓደል፣ መሥሪያ ቤቱ በወር የ23,000 ብር ሥራ ያጣል። ከዚህም ባሻገር ማስታወቂያ ማውጣት፣ ማወዳደርና አዲስ ሠራተኛ ማለማመድ የራሱ ወጪ አለው። ሕንፃው ያለ ኪራይ የሚገኝ በመሆኑ መሥሪያ ቤት ከግል ማቆያ ይልቅ አገልግሎቱን በረከሰ ዋጋ ማቅረብ ይችላል።

ከአዋጁ መውጣት በኋላ ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች መኖራቸው ይታወቃል። ችግሩ የሚጀምረው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። አንድ ክፍል ለይቶ፣ ግድግዳውን በሥዕል አሳምሮና ምንጣፍ አንጥፎ ማስመረቅ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ተንከባካቢ ግን በየወሩ ደመወዝ ትፈልጋለች። ለዚህ የተፈቀደ የሥራ መደብና በመደበኛ በጀት የተያዘ ገንዘብ ከሌለ ሥራው ለጽዳት ሠራተኞች በተደራቢነት ይሰጣል፤ እናቶችም አምነው ልጃቸውን አይተዉም፤ ክፍሉም ውሎ አድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ከዚያ በሪፖርት ላይ «ተጠቃሚ በመታጣቱ» የሚል ሐረግ ይሰፍራል። የክፍሉ ምርጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ወይም ከጄኔሬተር አጠገብ የሚሰጥ ክፍል፣ ውኃና መጸዳጃ በአቅራቢያው የሌለው ክፍል፣ ሕፃን ይዘው በሰርቪስ ተጋፍተው ለሚመጡ እናቶች ማቆያ ሊባል አይችልም።

ሌላም ትኩረት የሚሻ ነጥብ አለ። የ2010ሩ አዋጅ ስለ ማቆያ ሲደነግግ የሚናገረው ስለ ሴት ሠራተኞች ነው። ሚስቱ በግል ድርጅት ወይም በገበያ የምትሠራ፣ ወይም ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ወንድ ሠራተኛ ልጁን ወደ መሥሪያ ቤቱ ማቆያ ይዞ ቢመጣ በሩ ክፍት ሊሆንለት ይገባል። ለማጥባት ካልሆነ በስተቀር ልጅን ጠዋት አምጥቶ ማታ መረከብ አባትን የሚከለክል ነገር የለውም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ወጪው የትም ቦታ ቢሆን እንደማይጠፋ፣ የሚለያየው ማን ይሸከመው የሚለው ብቻ መሆኑን ያሳያል። ስዊድን በ2002 እ.ኤ.አ. ወላጅ የሚከፍለውን በገቢው ልክ ወስናለች፤ ለመጀመሪያው ልጅ ከገቢው 3 በመቶ፣ ለሁለተኛው 2 በመቶ፣ ለሦስተኛው 1 በመቶ ነው። የካናዳዋ ኩቤክ ክፍለ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. በቀን 5 ዶላር ብቻ የሚከፈልበትን አገልግሎት ጀምራለች። የእነዚህን አገሮች የግብር ገቢ ይዞ ከእኛ ጋር ማወዳደር አያስኬድም። ክፍያን ከገቢ ጋር የማያያዝ ሐሳብ ግን ብዙ ሀብት የሚጠይቅ አይደለም። ባለ 6,000 ብሯና ባለ 20,000 ብሯ ሠራተኛ በአንድ ማቆያ እኩል እንዲከፍሉ ከማድረግ ይልቅ ለሁለቱም ከደመወዛቸው ተመሳሳይ መቶኛ መቁረጥ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በፔሮል ሊፈጽመው የሚችለው ጉዳይ ነው።

ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ቁጥሩ መታወቅ አለበት። ምን ያህል ነፍሰ ጡር ሠራተኞች እንዳሉ፣ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ አሁን የት እንደሚውሉና ወላጆቻቸው ስንት እንደሚከፍሉ የሰው ሀብት ክፍሉና የሴቶች ጉዳይ ክፍሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያሰባስቡት የሚችሉት መረጃ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር በመሆኑ መረጃው የበጀት ጥያቄው ከመላኩ በፊት፣ የተንከባካቢዎቹ የሥራ መደብም ከዚያው ጥያቄ ጋር ተያይዞ መቅረብ ይኖርበታል። ጥያቄው ከዘገየ ዘንድሮ የሚወለዱት ሕፃናት ማቆያው ሥራ በሚጀምርበት ጊዜ ለመዋዕለ ሕፃናት የሚበቁ ይሆናሉ።