ኪስ የማይጎዳ የቅዳሜ ምሽት

ኒውዮርክ ውስጥ ቤተሰብ ይዞ ውጭ መብላት ኪስ ያራቁታል። በኩዊንስ የምሽት ገበያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሥራቹ ጆን ዋንግ በልጅነቱ ታይዋን ውስጥ ያያቸውን የምሽት ገበያዎች አስታውሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በፍላሺንግ ሜዶውስ ኮሮና ፓርክ ሲጀምረው የምግቡን ዋጋ በ5 ዶላር ገደበው። ጣሪያው በኋላ ትንሽ ከፍ ቢልም አልተነሳም።

ጥቅሙ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። ምግብ ቤት ለመክፈት አቅም የሌለው ስደተኛ የእናቱን ሙያ በአንዲት ድንኳን ይሸጣል። ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ የሚያተርፈው ብዙ ሰው ሲገዛው ነው።

ስለዚህ ከአንዱ ድንኳን ብቻ በልተው አይጥገቡ፤ አንዱን ሰሃን ከልጆችዎ ጋር ተካፍለው ወደሚቀጥለው ይለፉ። የአሳማ ሥጋ ወይም ኦቾሎኒ የማይበላ ካለ ግን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።