አሮጌ የኢንዱስትሪ ይዞታ ለቢሮ ሲውል

በአዲስ አበባ ለገሃር የሚገኘው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ ለአሥርት ዓመታት የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የለገሃር ፕሮጀክት በ36 ሄክታር ይዞታ ላይ መኖሪያ፣ ሆቴልና ቢሮዎችን ለመገንባት የተነደፈ ሲሆን፣ ታሪካዊው ጣቢያ እንዲጠበቅና 1 ሺህ 600 ያህል አባወራዎች በዚያው አካባቢ እንዲሰፍሩ ታቅዷል።

ነባር ሕንፃን ማፍረስ ቀደም ሲል ለሲሚንቶውና ለብረቱ የዋለውን ኃይል ማባከን በመሆኑ ዘላቂ ግንባታ የሚጀምረው ያለውን ከመጠበቅ ነው። የባቡር ጋራዥ ወይም የፋብሪካ ቦታ ግን አፈሩ በዘይትና በነዳጅ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፀሐይ ጉዳይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በሚገኘው የምሥራቅ ወለጋ ዞን ጊዳ አያና ወረዳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች። በመሆኑም ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢዞሩ፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ቢወጣና ትይዩ መስኮቶች ነፋስ ቢያሳልፉ፣ ቢሮው በአብዛኛው ያለ ማቀዝቀዣ ሊሠራበት ይችላል። ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ግን፣ ዘመናዊ መስሎ ቢታይም፣ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው መጋረጃ ዘግቶ አምፖል እንዲያበራ ያስገድደዋል። በአዲስ አበባ የልደታ መርካቶ የገበያ ሕንፃ ይህን ችግር ያቃለለው ቀዳዳ ባለው የኮንክሪት ግድግዳ ነው።

ለወረዳ በጀት ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የመብራት ክፍያና የጄኔሬተር ነዳጅ በየዓመቱ የሚመለሱ ወጪዎች ሲሆኑ፣ የሕንፃው አቅጣጫ ግን ያለ ተጨማሪ ወጪ በንድፍ ወቅት የሚወሰን ነው።