በወረርሽኝ ጊዜ ልጆች ዜማ እንዴት ይማሩ?

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ስንወርድ ቡሬን እናገኛለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የልጆችም ዜማ ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት እኛ ወላጆች ጨነቀን። ልጆቻችን ይዝፈኑ ወይስ ዝም ይበሉ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዚያው በመጋቢት 2012 በአሜሪካ 61 ሰዎች ተሰብስበው መዝሙር ተለማመዱ። አንዱ ታሞ ነበር። ቆይቶ ሌሎች 52 ሰዎች ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። ለምን? ጮክ ብሎ የሚዘምር ሰው ብዙ ትንፋሽ ያወጣል። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል።

ታዲያ ዜማ ይቅር? የለም! ልጆችን ወደ ደጅ እናውጣ፤ እናራርቃቸው። ያጨብጭቡ፤ በእግራቸው ምት ይምቱ። ዜማውን በለሆሳስ ይበሉት። የታመመ ልጅ ቤት ይዋል።

ወረርሽኝ ተመልሶ ቢመጣ፣ ዘዴውን እናውቃለን። የልጆቻችን ድምፅ አይጠፋም።